ቅቤ የጠጣው ሰደፍ

ጋሼ በዳዳ ማረፋቸውን የሰማሁት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ሳሪስ አቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የነገረኝ ዘመድ አይደለም፤ የእድር ጡሩምባም አይደለም። ከኋላዬ የተቀመጠ የማላውቀው ጎረምሳ በስልክ ሲያወራ፣ «ያ አቃቂ በሰቃ የነበረው ተሳዳቢ አናጢ ሞተ እኮ። አዎ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማው» አለ። ዞር ብዬ «ማን?» ስለው ፊቴን አይቶ ደነገጠ፤ «ይቅርታ፣ አባትሽ ናቸው እንዴ?» ብሎ ወዲያው አንቱ ማለት ጀመረ። አባቴ አይደሉም። ግን እንባዬ ቀድሞኝ ስለነበር «ወራጅ አለ!» ብዬ መንገድ ላይ ወረድኩ።

ልጁ አልዋሸም፤ ጋሼ በዳዳ ተሳዳቢ ነበሩ። ሰው ሲሞት ደግ ማድረግ ልማዳችን ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ከጎናቸው ኖሬ ገርና ደግ ነበሩ ብዬ ባወራ፣ ከመቃብር ተነስተው «ምን ትቀባጥሪያለሽ አንቺ ልጅ!» የሚሉኝ ይመስለኛል። አቃቂ በሰቃ፣ መንገዱ ሰፍቶ ሱቆቻችን ከመፍረሳቸው በፊት፣ የእኔን ልብስ ስፌትና የእሳቸውን የእንጨት ሥራ ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነበር። እኔ የእሳቸው መጋዝ ይሰማኛል፤ የእኔ የስፌት መኪና ግን ለእሳቸው አይሰማቸውም። ድሮ በአናጢነት ሲሠሩበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጩኸት ግራ ጆሯቸውን በልቶታል። ቀኙም ቢሆን ደስ ሲለው ነው የሚሰማው። ስለዚህ የምናወራው እየጮህን ነበር፤ አላፊ አግዳሚው የምንጣላ ይመስለዋል። ግማሹን ጊዜ ደግሞ እውነትም እንጣላ ነበር።

የመነጽራቸው ክንድ ተሰብሮ በጫማ ክር ታስሮ ነው የኖረው። የሰውን ሁሉ ዕቃ እየጠገኑ የራሳቸውን ለምን እንደሚተዉት ጠይቄያቸው፣ «ይሄ ፕላስቲክ ነው፤ ምን ነፍስ አለውና» አሉኝ። እንጨት ግን ነፍስም ቂምም እንዳለው ያምናሉ። የተሰበረ ነገር ሲመጣላቸው በእጃቸው ከመንካታቸው በፊት ስብራቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸቱታል። ሰው ሲስቅባቸው ግድ የላቸውም።

ሰፈርተኛው የሚያማርርባቸው ግን በሌላ ነው። «የሰበረው ይምጣ» ይላሉ። ወንበርም ይሁን ቁም ሳጥን፣ የሰበረው ሰው ራሱ መጥቶ፣ እሳቸው ኮላ ሲቀቡ ስብራቱን በእጁ ካልያዘላቸው ሥራውን አይነኩትም። አንዴ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ የምግብ ጠረጴዛ በጋሪ አስጭነው መጥተው «አርጅቶ ነው የተሰበረው» አሉ። ጋሼ በዳዳ ስንጥቁን አሽትተው፣ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ «እርጅና ቡጢ የለውም» አሏቸው። ሰውዬው ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በኋላ ግን ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ጠረጴዛውን ደግፈው ቆሙ።

«ትልቅ ሰው እንዲህ ይዋረዳል?» ብዬ ተቆጣኋቸው።

«ሲሰበር የነበረ እጅ ሲጠገን ከሌለ፣ ነገም ያው ነው» አሉኝ።

ያኔ ለግትርነታቸው ያገኙለት ሰበብ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።

ከዚያ እትዬ ሙሉ መጡ። እትዬ ሙሉ ከገላን ወዲያ ካሉት የጥንት ገበሬ ቤተሰቦች ናቸው፤ ባላቸው አቶ ደበላ ከሞቱ ብዙም አልሆነም ነበርና ጥቁር ለብሰዋል። ረዘም ያለ ነገር በጆንያ ጠቅልለው ታቅፈዋል። እኔ የድንኳን ቋሚ መስሎኝ ነበር። ጋሼ በዳዳ ጆንያውን ገለጥ ሲያደርጉት ጠመንጃ ነው። ያረጀች፣ ትንሽ፣ ሽምብራ ከሚበላ ጦጣና በበረት ዙሪያ ከሚያንዣብብ ጅብ በቀር ማንንም አስደንግጣ የማታውቅ ጠመንጃ። ሰደፏ፣ ያ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ አንገቱ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ፈቃድ አለው?» አሉ ጋሼ በዳዳ።

«በሟቹ ስም አለው። ጣቢያም ያውቁታል። አርባው ሲያልፍ ወደ ልጅ ይዞራል ተብሏል።»

«ባዶ ነው?»

«ማን ያጎርሰዋል ጋሼ? ባዶ ነው።»

ጋሼ በዳዳ አላመኗቸውም። ወደ እኔ ጮኹ፤ «አንቺ ልጅ! ከቆርቆሮው ጀርባ ተነሺ! ውጪ ውጪ!» በመቀስ እየቆረጥኩት የነበረውን ጨርቅ ጥዬ ደጅ ወጣሁ። አፈሙዙን ለግንበኞች ተከምሮ ወደነበረው አሸዋ አዞሩና ከላይ ያለውን ብረት ወደ ኋላ ሳቡት። እምቢ አለ። እንደገና ሳቡ። እትዬ ሙሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በሦስተኛው ብረቱ ቋ ብሎ ተከፈተና አንዲት የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ጥይት ተስፈንጥራ ሰጋቱራው ላይ ወደቀች።

ሁላችንም እሷን ስናይ ቆየን።

«ይቺ ጥይት እንደ ትልልቆቹ መሃል ጀርባዋን አይደለም የምትመታው» አሉ ጋሼ በዳዳ፣ በሁለት ጣታቸው አንስተው እያሳዩን። «ጠርዟን ነው። ዙሪያዋን የትም ብትነካ ትፈነዳለች። በይ አሁን እውነቱን ንገሪኝ ሙሉ። ሰደፉን ማን ሰበረው?»

«ወደቀ።»

ጋሼ በዳዳ ስንጥቁን አሸተቱ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በአየር ላይ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው ጠመዘዙ። «ወድቆ አይደለም። አንዱ ሰደፉን፣ አንዱ አፈሙዙን ይዞ ነው።»

እትዬ ሙሉ ያን ጊዜ እዚያው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለባላቸው የተረፋቸው እንባ ሁሉ ለልጆቻቸው ወረደ።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ ተሾመ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ይኑር እንጂ ኑሮው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ታናሹ ገመቹ ከአባቱ ግቢ ሳይወጣ ላም እያለበ የቀረ ነው፤ አባቱንም ዓመት ሙሉ ያስታመመው እሱ ነው። በእነሱ ደንብ የሟች ጠመንጃ ልቅሶ ላይ ይወጣል፤ ታላቁ ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ በለቀስተኛው መሃል እየዞረ የአባቱን ሙያ ያነሳል። በቀብሩ ቀን ተሾመ ገና ስላልደረሰ ገመቹ ጠመንጃውን አንስቶ መዞር ጀመረ። ተሾመ ከመኪናው ወርዶ፣ የበረሃ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ እየሮጠ ገባና አፈሙዙን ያዘ። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲጓተቱ ሰደፉ በለቀስተኛ ፊት ቀጭ አለ። አሁን እንዳየነው ደግሞ፣ ያን ሁሉ ሰው መሃል አድርገው የተጓተቱት ጥይት በጎረሰ ጠመንጃ ነው።

«ገመቹ ሽማግሌ ፊት ተናገረ» አሉ እትዬ ሙሉ። «‹ይሄን ጠመንጃ አንተ ትከሻ ላይ ካየሁት ቀጥሎ የሚለቀሰው አንተን ነው› አለው። ታላቁም ‹እንተያያለን› አለ። ሽማግሌዎቹ ጠመንጃው ተጠግኖ ለአርባው ይቅረብና ያን ቀን እንፈርዳለን ብለዋል። ጋሼ፣ ከተጠገነ እሱን ለማንሳት ይጋደላሉ። ሳይጠገን ከቀረ ‹አንተ ሰበርከው፣ አንተ ሰበርከው› እየተባባሉ ይጋደላሉ። እኔ ምን ላድርግ? አንዱን ልጄን ለአባቱ አርባ ልገብር ነው?»

እኔ ጠመንጃውን ወደ አቃቂ ወንዝ ወርውሩት ልል ነበር። ጋሼ በዳዳ ግን የለመድኳቸውን ነው ያሉት።

«የሰበረው ይምጣ። ሁለቱም።»

«አንድ ጣራ ስር አይቆሙም ጋሼ!»

«አንድ ላይ ይቁሙ ማን አለሽ? አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት።» ይህን ብለው፣ ያን ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት ጭራሽ ከጠመንጃው መዝዘው አወጡና ሰጧቸው። «ያለዚህ ይሄ ነገር ዱላ ነው። ከወገብሽ አትለዪው።» እትዬ ሙሉ ብረቱን መቀነታቸው ውስጥ ጠቅልለው ሄዱ። ዞረው ዞረው እያዩን ነበር የሄዱት።

በማግስቱ ጠዋት ተሾመ መጣ። ትልቅ ትከሻ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን። ሰላም ሲለኝ መሬት እያየ ነው። ጋሼ በዳዳ ስንጥቁ ውስጥ ኮላ አስገብተው እሱ ግራና ቀኙን ገጥሞ እንዲይዝ አደረጉና፣ የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ፣ ያን የውስጥ ላስቲክ፣ እንደ መቀነት ተልትለው፣ እየሳቡ በሰደፉ አንገት ላይ ጠመጠሙት። የእሳቸው አሠራር እንዲህ ነው፤ ጠማማና ክብ ነገር ማጥበቂያው ሞርሳ አይዘውም፣ ጎማ ግን ዙሪያውን እኩል ያጠብቃል። ኮላው እንዲደርቅ ካቆዩት በኋላ በሌላ ቀን ከሰዓት ገመቹ ተጠርቶ መጣ። ከመነዳሪውን እሱ እንዲፈታ ተሰጠው። የመጨረሻውን ዙር ሲያወልቅ ሰደፉ፣ ኮላ የሚባል ነገር ነክቶት እንደማያውቅ፣ ለሁለት ተከፍሎ እጁ ላይ ቀረ።

ገመቹ ብድግ አለ። «እሱ ነው! ሆን ብሎ ነው ያላላው! ለአርባው እንዳይደርስ!» ብሎ የተቀመጠበትን በርጩማ ገልብጦ ወደ በሩ ሮጠ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስለነበር ገፍቶኝ ሊያልፍ ሲል ጋሼ በዳዳ ከኋላ ቀበቶውን ያዙት። እንዴት እንደደረሱበት አላውቅም፤ ያን ያህል ሲፈጥኑ አይቻቸው አላውቅም።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ልገድለው!»

«ትገድለዋለህ። መጀመሪያ ግን አሽትት» አሉና የተሰበረውን እንጨት አፍንጫው ስር ደቀኑበት።

ገመቹ አሸተተ።

«አባትህ ይሄን ሰደፍ ምን ይቀባው ነበር?»

«ቅቤ» አለ ገመቹ፣ በቀጭን ድምፅ። «በየመስቀሉ። ከራሱ ሲተርፍ እሱን ይቀባዋል። ወንድ ልጅና ጠመንጃ ራሱ መድረቅ የለበትም ይል ነበር።»

ጋሼ በዳዳ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ይሄ ሰደፍ ነው ወይስ የበዓል ወጥ? ቅቤ የጠጣ እንጨት ኮላ አይዝም። ወንድምህ አላላላውም፤ እኔ ነኝ ቸኩዬ ያልጠየቅኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ይሄ ከአፋቸው ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ፤ ጋሼ በዳዳ አጠፋሁ ሲሉ መስማት እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው።

ከዚያ ቅቤውን የማውጣት ሥራ ተጀመረ። ኖራ በቤንዚን ይላቆጣል፤ ስብራቱ ላይ እንደ ጭቃ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ነጩ ኖራ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ይፋቃል፣ እንደገና ይለጠፋል። ጠዋት ተሾመ ይለጥፋል፣ ከሰዓት ገመቹ ይፍቃል፤ ገመቹ ለጥፎ የሄደውን ጠዋት ተሾመ ይፍቀዋል። የአቶ ደበላ የስንት መስቀል ቅቤ እንደሆነ እንጃ፣ አያልቅም። ሽታው ቆርቆሮውን አልፎ የሰፋሁትን ልብስ ሁሉ ያዘው። አንዷ ሙሽራ ቬሎዋን ስትለካ «ውይ፣ ምን ምን ይላል?» ብላኝ «ሽቶ ነው» ብዬ ሸኝቻታለሁ።

ወንድማማቾቹ የአንዱን ስም አንዱ አይጠራም። «ያ ሰውዬ መጥቶ ነበር?» ይላል ተሾመ። «ያኛው ነው እንዲህ የፋቀው?» ይላል ገመቹ። ጋሼ በዳዳ ለታላቁ «ካንተ እሱ ይሻላል» ይሉታል፤ ለታናሹም «ካንተ እሱ ይሻላል» ይሉታል። ሁለቱም በንዴት የበለጠ ይፍቃሉ።

አንድ ቀን ተሾመ መኪናው ተበላሽታበት ጠዋት ሳይመጣ ቀርቶ ከሰዓት ደረሰ። ገመቹ ውስጥ ነው፤ መሮ ይዟል። ተሾመን በሩ ላይ ሳየው ስፌቴን ጥዬ ተነሳሁ። ክንዱን ይዤ ወደ ሱቄ ጎተትኩትና «ና ልለካህ፣ ለአርባው ኮት ያስፈልግሃል» አልኩት። «ኮት አልፈለግኩም» ይለኛል፤ እኔ ሜትሬን ትከሻው ላይ አድርጌያለሁ። ደረቱን ለካሁ፣ ክንዱን ለካሁ፣ ያለቀውን እንደገና ለካሁ። ከቆርቆሮው ወዲያ የገመቹ መፋቂያ ክርር ክርር ይላል። ተሾመ ሰምቶት ማን እንደሆነ ገባው፤ እጆቹን እንደ ተማረከ ሰው ዘርግቶ ቆሞ፣ ገመቹ እስኪወጣ ድረስ ተለካ።

አርባው ሊደርስ ሲል ኖራው ነጭ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ያን ቀን ጋሼ በዳዳ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ጠሯቸው፤ ለማናቸውም ሌላው እንደሚመጣ አልነገሩም። ለእኔም አልነገሩኝም፤ ብሰማ ኖሮ እጮህ ነበር።

ገመቹ ቀድሞ ገባ፤ ዱላውን ከጉልበቱ መሃል አቁሞ ተቀመጠ። ተሾመ ተከትሎ ገባና አየው። እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ሰደደ፤ የመኪና ክሪክ እጀታ ይዞ ነው የመጣው፤ ጫፉ ታየኝ። ለካስ ሁለቱም በየቀኑ እንዲህ ታጥቀው ነው የሚመጡት። ገመቹ ተነሳ። እኔ በር ላይ ጨርቅ አቅፌ ደርቄ ቀረሁ።

ጋሼ በዳዳ ቀና እንኳ አላሉም። ብሩሻቸውን ስንጥቁ ውስጥ እያሯሯጡ፣ «ኮላው ተቀብቷል፤ እናንተን ብሎ አይጠብቅም። ትጣሉ እንደሆነ ቶሎ ተጣሉና አባታችሁን ሁለተኛ ስበሩት። አለዚያ ያን ዱላና ያን ብረት አስቀምጡና ያዙልኝ» አሉ።

ኮላው ከስንጥቁ ጠርዝ ላይ ጠብ አለ።

መጀመሪያ ዱላው ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ከዚያ የክሪኩ እጀታ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ገመቹ ሰደፉን በጀርባው በኩል ያዘ፤ ተሾመ አፈሙዙ ከሚያርፍበት ከፊተኛው በኩል ያዘ። ልክ በልቅሶው ቀን እንደያዙት።

«ያን ቀን ሳባችሁ» አሉ ጋሼ በዳዳ። «ዛሬ ግፉ።»

ከመነዳሪውን በመሃላቸው ጎንበስ ብለው ጠመጠሙት። ሲጨርሱ «ተመልሼ እስክመጣ እንዳትለቁ። ከለቀቃችሁ ሦስተኛ ጊዜ የለም፤ እንጨቱ አይችልም» ብለው ኮታቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

ሻይ ሊጠጡ የሄዱ መስሎኝ ነበር። እኔን አስከትለው ዞረው በእኔ በር ገቡ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ካውያው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

እኔ ስንት ዓመት ያየሁት ነው፤ ከመነዳሪ ከተጠመጠመ በኋላ የሰው እጅ አያስፈልገውም። ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠግቼ «ጋሼ፣ ጎማው ይይዘው የለ? ምን ያስይዟቸዋል?» አልኳቸው።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉኝ። የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ የሌላ ሰው ጩኸት ነው፤ አፋቸውን በእጄ አፈንኩት። «ምን ይላሉ? ንገሪኝ፣ እኔ አልሰማም።»

ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ አደረግኩ። የሁለት ሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ የገመቹ ድምፅ መጣ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ያንተም።»

«ስንት ጊዜ ደወልኩልህ?» አለ ገመቹ።

«በረሃ ነበርኩ። ኔትወርክ የለም።»

«አንተ ሁሌም በረሃ ነህ።»

«ማን መንዳት ወዶ ይነዳል? የአባባ መድኃኒት ከየት የሚመጣ መሰለህ?» የተሾመ ድምፅ ከፍ አለ። ጠረጴዛው ሲንቋቋ ሰማሁ። «ተወኝ! ልለቀው ነው!»

«ልቀቃ! መልቀቅ ልማድህ አይደል!»

«ምን አሉ?» አሉ ጋሼ በዳዳ።

«ልለቀው ነው ይላል።»

«ማን?»

«ታላቁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ «ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ» እያሉ ፈጣሪን ይለምናሉ። እኔ መቀሱን አጥብቄ ይዣለሁ፤ ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም። ዱላው ግድግዳው ላይ ነው፣ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሁለቱም ከክንድ አይርቁም። አንዱ እጁን ካነሳ አለቀ።

ማንም አልለቀቀም። ገመቹ እንደገና ሲናገር ድምፁ ወርዶ ለመስማት ተቸገርኩ።

«ዓመት ሙሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያጎረስኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻው ቀን ዓይኑን ገለጠና ፊቴን አየ። ‹ተሾመ፣ መጣህ?› አለኝ።»

ገመቹ አፍንጫውን ሳበ።

«‹አዎ አባባ፣ መጣሁ› አልኩት። ምን ልበለው? አንተን ሆኜ ነው የሸኘሁት። እኔን ሳያየኝ ሄደ። ጠመንጃውን እንኳ በራሴ ስም ልሸከምለት ብዬ ነው።»

«ምን አሉ?» ይላሉ ጋሼ በዳዳ፣ ክንዴን እየነቀነቁ። በእጄ «ይቆዩ» አልኳቸው። ከቆርቆሮው ወዲያ አንድ ትልቅ ሰው ማልቀስ ሳይችልበት ሲያለቅስ ይሰማል፤ ተሾመ ነው።

ከዚያ «አንተ ተሸከመው» አለ።

«አልሸከምም። የጠራው አንተን ነው።»

«የመለሰለት አንተ ነህ!»

«አንተን ነው ያለው እያልኩህ!»

«አንተ ተሸከመው አልኩህ እኮ! አትስማ እንግዲህ!»

«አንተው ስማ!»

ጩኸቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ጋሼ በዳዳ ቃሉን አይሰሙም፤ ንዝረቱን ግን ቆርቆሮው ላይ ባሳረፉት መዳፋቸው ሰሙት። ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሱና ካውያዬን አነሱ። «ሊጋደሉ ነው! እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው! ልቀቂኝ!» ብለው ወደ በሩ ሲሮጡ ኮታቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ይቀመጡ ጋሼ! ይቀመጡ! የሚጣሉት ‹አንተ ተሸከመው፣ አንተ ተሸከመው› እየተባባሉ ነው!»

አፌን አዩ። ወደ ቆርቆሮው አዩ። ካውያውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

«ተያቸው» አሉ። «ይሄኛው ጠብ ሰው አይገድልም።» ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ፤ «ይሄ ቤንዚን ዓይን አጠፋ» አሉኝ።

አርባው ላይ እኔም ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት ተደርድረው ጠመንጃው ቁርበት ላይ ተጋድሟል። ጋሼ በዳዳ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከጎኔ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሽማግሌ «የሟቹን ጠመንጃ ማን ያነሳል?» ሲሉ፣ ያን የዛቻ ቃል ያልሰማ ሰው አልነበረምና ሁሉም ወንድማማቾቹን ነው የሚያየው። ተሾመ «ገመቹ ያንሳው» አለ። ገመቹ «ተሾመ ያንሳው» አለ። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው፤ እንዲህ ያለ ፍርድ መጥቶላቸው አያውቅም። አንዱን ቢለምኑ እምቢ፣ ሌላውን ቢለምኑ እምቢ። ፀሐዩ ሲከር፣ ሰው ማጉረምረም ሲጀምር፣ እትዬ ሙሉ ከሴቶቹ መሃል ተነስተው ሄዱና ጠመንጃውን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«ኧረ ሙሉ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ሴት ተሸክማው አታውቅም። ደግሞም ይከብድሻል።»

እትዬ ሙሉ ዞሩ። ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ሁለቱንም በሆዴ ተሸክሜያቸዋለሁ» አሉ። «ይሄ ይከብደኛል?»

ድንኳኑ በእልልታና በለቅሶ ተደበላለቀ። ጋሼ በዳዳ ክንዴን ያዙኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠግቼ ነገርኳቸው።

«ድገሚልኝ» አሉ።

ሰምተዋል፤ እንደሰሙ አውቃለሁ። ደገምኩላቸው።